ለአንድ ቁራጭ ላሜራ ስንት የሥራ ቀን ይቃጠላል?

በንግድ ዓለም ትልቁን ወጪ ሁሉም ያየዋል። ነዳጅ ሲጨምር፣ የጎማ ዋጋ ሲንር፣ ባንክ ወለድ ሲያነሳ በየሻይ ቤቱ ይወራል፣ በየጋዜጣው ይጻፋል። ትንሹን ወጪ ግን የሚቆጥረው የለም። በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ከነጋዴው ኪስ ወጥቶ የትም መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ይቀራል። ከእነዚህ ያልተመዘገቡ ወጪዎች አንዱ የመኪና ታርጋ ነው። ታርጋ ሲበላሽ ወይም ሲጠፋ ምትኩን ለማግኘት የሚባክነው ጊዜ ተሰልቶ ቢቀርብ ብዙ ባለንብረት ደንግጦ እጁን አፉ ላይ ይጭናል ብለን እናምናለን።

እንደሚታወቀው ታርጋ ማለት በአንጸባራቂ ሽፋን የተለበጠ፣ በመጫኛ ማሽን ፊደልና ቁጥር የወጣበት ስስ አሉሚኒየም ነው። ማሽኑና ጥሬ ዕቃው ካለ አንዱን ታርጋ ለማውጣት ደቂቃዎች ይበቃሉ። ደቂቃዎች የሚበቁት ሥራ ለምን ቀናትና ሳምንታት ይፈጃል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ታርጋ ለነጋዴ ምኑ ነው?

መንግሥት ታርጋን የሚያየው መቆጣጠሪያ አድርጎ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አንድ መኪና ሳይመዘገብና መለያ ሰሌዳ ሳይለጠፍበት መንገድ ላይ መውጣት እንደሌለበት ይደነግጋል። ተገቢ ነው። ለነጋዴው ግን ታርጋ ከዚህ ይበልጣል፤ የንብረቱ ስም ነው። ሊብሬው ላይ ያለው፣ ቦሎው የሚታደስበት፣ የሦስተኛ ወገን መድን የሚገባበት ይኸው ቁጥር ነው። መኪናው ተይዞ ብድር ሲወሰድ ባንኩ የሚጽፈው፣ ሽያጭ ሲኖር ውልና ማስረጃ ፊት በሚፈረመው ውል ላይ የሚሰፍረው ይኸው ቁጥር ነው።

ጅቡቲ የሚመላለሰውን ከባድ መኪና ደግሞ እንመልከት። ከአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚሁ መስመር ነው። የትራንዚት ሰነዱ ላይ የመኪናው ታርጋና የተሳቢው ታርጋ ይጻፋል። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው ድንበር ተሻጋሪ መድን ላይም እንዲሁ ይሰፍራል። ሰነዱ አንድ ቁጥር ይዞ መኪናው ላይ የሚነበብ ቁጥር ከሌለ ጋላፊ ላይ የሚቆመው መኪናው ብቻ አይደለም፤ የጫነው ዕቃ፣ ዕቃውን የሚጠብቀው ፋብሪካና የመርካቶ ነጋዴ አብረው ይቆማሉ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ታርጋ የገንዘብ መክፈቻ ቁልፍ ሆኗል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲጀመር የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች በታርጋቸው እየተመዘገቡ በቴሌብር እንዲቀዱ ተደርጓል። ማደያ ላይ በስሙ ካልታወቀ ባለታክሲው በሙሉ ዋጋ ይቀዳ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ኑሮው ሁሉ በአንድ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ንብረት ያንን ቁጥር በግንባሩ ማሳየት ሲያቅተው፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሰኛል።

የደላሎቹ ጥያቄ

ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ደላላው ከሞዴሉ ቀጥሎ የሚጠይቀውን ያውቃል፤ «ታርጋዋ ስንት ነው?» ይላል። ጥያቄው ለወግ አይደለም። መኪናዋ አገር ውስጥ ከገባች ስንት ዓመት እንደሆናት ከቁጥሩ ይገመታልና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኮድ 2 ቁጥር ሲያልቅ ፊደል ተጨምሮ ኤ፣ ከዚያ ቢ እያለ ሲቀጥል ገበያው ወዲያው ተርጉሞታል። አዲስ ታርጋ ያላት መኪና የአገራችንን ጉድጓድ ገና ብዙ አልቀመሰችም ተብላ ዋጋዋ ከፍ ይላል።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጥናቱ የወሰደው ምሳሌ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ነበር። ሻጩ የመኪናውን ጉድፍ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው ሁሉንም መኪና በጥርጣሬ ዋጋ ይገዛል፤ በዚህም የተነሳ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል ይላል። በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች ዋናው ይኸው ነው። የአከርሎፍ ትምህርት ለእኛ ግልጽ ነው። ገዢ ሊያምነው የሚችል ምልክት ባለበት ገበያ ሁሉም ይጠቀማል፤ ምልክቱ ሲደበዝዝ ሁሉም ይጎዳል። የተፋቀ፣ በብሩሽ የተቀባ፣ አንዱ ወገን የጎደለ ታርጋ የያዘ መኪና ሐራጅ ላይም ሆነ ደላላ ዘንድ ሲቀርብ ገዢው «ይህች መኪና ምን ነገር አለባት?» ብሎ ዋጋ ይሰብራል። ባለንብረቱ ምንም ያላጠፋ ቢሆንም የጥርጣሬውን ዋጋ ይከፍላል።

ታርጋ የሚጠፋው በምን ምክንያት ነው?

ብዙ ሰው ታርጋ የሚጠፋው በባለንብረቱ ቸልተኝነት ይመስለዋል። ከፊሉ እውነት ነው። ይሁንና የአገሩን መንገድ፣ አየሩንና አሠራሩን ካየን ጥፋቱ የጋራ ነው።

አንደኛ፣ ክረምት አለ። ጎርፍ በሞላበት መንገድ መኪና ሲያልፍ ውኃው የፊቱን ታርጋ ገፍቶ ከፓራውልቱ ይነጥቀዋል። ሾፌሩ መጥፋቱን የሚያውቀው ቤቱ ሲደርስ ወይም ትራፊክ ሲያቆመው ነው። ሁለተኛ፣ ፀሐይና አቧራ አሉ። ፒስታ መንገድ ላይ የሚውል የጭነት መኪና የኋላ ታርጋው በጠጠር እየተደበደበ ቀለሙ ይላጣል፤ ቁጥሩ በእጅ እንጂ በዓይን የማይነበብበት ጊዜ አለ። ሦስተኛ፣ ቆሞ የሚገጭ መኪና አለ። የመርካቶን የጭነት መጫኛና ማራገፊያ ቦታዎች የሚያውቅ ሰው ለዚህ ማስረጃ አይጠይቅም።

አራተኛው ብዙ የማይነገርለት ነው። ሕገወጥ ቦታ ላይ የቆመን መኪና ለመቅጣት ትራፊኮች ታርጋ ፈትተው መውሰድ ለብዙ ዓመታት የተለመደ ነገር ነበር። ባለንብረቱ ቅጣቱን ከፍሎ ታርጋውን ከክምር መካከል ፈልጎ ያወጣል። ብሎን በተፈታና በታሰረ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፣ ላሜራው ይጣመማል፤ አንዳንዴም ታርጋው ከክምሩ ውስጥ ይጠፋል። ለመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት ወገን እጅ ሳለ የጠፋን ታርጋ ማስተኪያ ክፍያውን የሚከፍለው ግን ያው ባለመኪናው ነው።

አምስተኛ፣ ሌባ አለ። ስፖኪዮና የጎማ ሽፋን የሚሰርቀው ሌባ ታርጋን የሚሰርቀው ለላሜራው ብሎ አይደለም። ሌላ መኪና ላይ ሊለጥፈው ነው። ይህ ከሁሉ የከፋው ስለሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

የሂደቱ ርዝመት

ታርጋ የጠፋበት ሰው በቅድሚያ ፖሊስ ጣቢያ ያመለክታል። ማስረጃ እስኪጻፍለት ይጠብቃል። ከዚያ ወደ መንገድ ትራንስፖርት ይሄዳል። ሊብሬ፣ መታወቂያ፣ የመድን ማስረጃ፣ መኪናው በድርጅት ስም ከሆነ የድርጅቱ ደብዳቤ፣ ባለንብረቱ ራሱ ካልመጣ ውክልና ይዞ ይቀርባል። ማኅደሩ ከመዝገብ ቤት ይፈለጋል። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ይታያል። የሻንሲና የሞተር ቁጥር እንዲመሳከር መኪናው ይቅረብ ይባላል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ታርጋ የሌለው መኪና መንገድ ላይ መውጣት የለበትም፣ ታርጋ ለማግኘት ግን መንገድ ላይ ወጥቶ መቅረብ አለበት!

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ክፍያ ይፈጸማል፤ ከዚያ «ታርጋው ሲታተም ይደወልልሃል» ይባላል። ሲስተም የለም የሚባልበት ቀን አለ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው የሚባልበት ቀን አለ። ጥሬ ዕቃ አልቋል የሚባልበት ቀን አለ። ማኅደሩ ሌላ ከተማ ያለ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በክልል መለያ ኮድ በሠራንባቸው ዓመታት መኪናው አዲስ አበባ ውሎ እያደረ ፋይሉ ጅማ ወይም ደሴ ስለሆነ ብቻ ለአንድ ታርጋ አገር አቋርጦ የሄደ ባለንብረት ጥቂት አይደለም።

ፔሩአዊው ኤርናንዶ ደ ሶቶ ባልደረቦቹን አሰማርቶ ሊማ ከተማ ውስጥ አንዲት ትንሽ የልብስ ስፌት አውደ ጥናት በሕጋዊ መንገድ ለማስመዝገብ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ፈትኖ ነበር። 289 ቀን ፈጀ። በመንገዱም አሥር ጊዜ ጉቦ ተጠየቁ፤ ሁለቱን ጊዜ ካልከፈሉ ሥራው ሊቀጥል ስላልቻለ ከፈሉ። ደ ሶቶ ይህን ጽፎ ሲያሳትም ብዙ መንግሥታት ነገሩን ከቁም ነገር ቆጠሩት፤ ምክንያቱም ሰነፍ የተባለው ደሃ ሰነፍ ሳይሆን ሕጋዊነት ውድ ሆኖበት እንደሆነ ቀኑ ተቆጥሮ ስለታየ ነው። እኛም ዘንድ አንድ ሰው ተነስቶ ታርጋ ለማስተካት የሚፈጀውን ቀን፣ የሚረገጠውን ደጃፍና የሚሰበሰበውን ፊርማ ቢቆጥር ለመሥሪያ ቤቱም ሆነ ለነጋዴው ትልቅ ውለታ ይሆን ነበር።

ሂሳቡን እንሥራው

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ቁጥሮቹን የወሰድናቸው ለስሌት እንዲመቹ ነው፤ አንባቢ የራሱን ቁጥር ተክቶ ሊያሰላ ይችላል።

አንድ የአይሱዙ ባለንብረት ነዳጅ፣ የሾፌር ደመወዝ፣ ጎማና ጥገና ተቀናንሶ በቀን 3,000 ብር ይተርፈዋል እንበል። ታርጋ እስኪያገኝ አሥር የሥራ ቀን ቆመ። ያጣው 30,000 ብር ነው። ሾፌሩ በወር ደመወዝተኛ ከሆነ መኪናው ቆመ ተብሎ ደመወዙ አይቆምም። በቀን 500 ብር ብንይዝለት አሥር ቀን 5,000 ብር ይሆናል። በድምሩ 35,000 ብር። ለመሥሪያ ቤቱ የሚከፈለው የታርጋ ዋጋ 1,500 ብር ነው ብለን ብናስብ ባለንብረቱ በእውነት የከፈለው ከዚያ ሃያ ሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ይህ ባለንብረት መኪናውን የገዛው በብድር ከሆነስ? 2 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ የወሰደ ሰው በቀን ወደ 986 ብር ወለድ ይቆጠርበታል። ይህን ከላይ ባለው 35,000 ላይ መደመር አይገባም፤ ወለዱን ይከፍል የነበረው ከዚያው ከ3,000 ብሩ ላይ ነበርና። ልዩነቱ አሁን ከገቢው ሳይሆን ከቤቱ ቀለብ መክፈሉ ነው። ባንኩ «ታርጋህ እስኪመጣ እጠብቅሃለሁ» አይለውም።

አነስተኛ ገቢ ያለው ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አሥር መኪና ያለው ድርጅት አንዱ ቢቆምበት ዘጠኙ ይሠሩለታል። አንዲት ሚኒባስ ያላት እናት፣ ልጆቿን የምታስተምረው ሾፌሩ ማታ ማታ በሚያስገባላት የቀን ገቢ ከሆነ፣ ያቺ ሚኒባስ በቆመች ቁጥር ቤቱ ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ የታርጋ ወረፋ ከሀብታም ይልቅ ድሃውን በከባዱ የሚቀጣ ግብር ነው። የሚገርመው መንግሥትም ከዚህ ግብር አንዲት ሳንቲም አያገኝም። መኪናው ቢሠራ ኖሮ ይሰበስበው የነበረውን እውነተኛ ግብር እንኳ ያጣል።

ጉዳይ ገዳዩ ከየት መጣ?

ወረፋ ባለበት ሁሉ ጉዳይ ገዳይ አለ። ብዙ ሰው እነዚህን ሰዎች ይረግማል። እኛ ግን ከመርገም በፊት ሂሳቡን ማየት እንመርጣለን።

ከላይ ያለው የአይሱዙ ባለንብረት አሥሩን ቀን ወደ ሦስት የሚያወርድለት ሰው ቢያገኝ ሰባት ቀን ያተርፋል። ሰባት ጊዜ 3,500 ሲባዛ 24,500 ብር ነው። ጉዳይ ገዳዩ 10,000 ብር ቢጠይቀው ባለንብረቱ ተዘረፍኩ አይልም፤ 14,500 አተረፍኩ ይላል። ስለዚህ ጉዳይ ገዳዩን የፈጠረው የባለንብረቱ ሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የቀኑ ዋጋ ነው። ቀኑ ሲረዝም የጉዳይ ገዳዩ ዋጋ ይጨምራል፤ ቀኑ ሲያጥር ሥራ ይፈታል።

ችግሩ ለአንዱ ትርፍ የሆነው ለሁሉም ኪሳራ መሆኑ ነው። ማተሚያው በቀን ሃምሳ ታርጋ ብቻ የሚያወጣ ከሆነ አንዱ በገንዘቡ ወደፊት ሲዘል ሌላው ወደኋላ ይገፋል። የታርጋው ቁጥር በአንድ እንኳ አልጨመረም። ተገፍቶ የቆየው ሰው ደግሞ በነጋታው እሱም ጉዳይ ገዳይ ይፈልጋል። ሁሉም ሲከፍል ሁሉም ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል፤ ገንዘቡ ግን ወጥቶ ቀርቷል። ከዚህ የባሰው፣ ወረፋው ለአንዳንዶች የገቢ ምንጭ ከሆነ በኋላ ወረፋው እንዲያጥር የሚተጋ ሰው ከውስጥ ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። በየመስኮቱ የተቀመጠው ሠራተኛ ሁሉ እጁን የሚዘረጋ ነው ማለታችን አይደለም። በአነስተኛ ደመወዝ በቅንነት የሚያገለግል ብዙ ነው። የተበላሸ አሠራር ግን ቅኑን ሠራተኛ ያደክማል፣ ሌላውን ያበለጽጋል።

የመሥሪያ ቤቱም ክርክር ይሰማ

ፍትሕ ይኑር ካልን የሌላውን ወገን ቃል መስማት አለብን። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ታርጋን እንደ ዳቦ ለጠየቀ ሁሉ ብናድል የተሰረቀ መኪና፣ ኮንትሮባንድ የጫነ መኪና፣ ገጭቶ ያመለጠ መኪና ሁሉ በሌላ ሰው ታርጋ ሊንቀሳቀስ ነው» ይላሉ። እውነት ነው። ታርጋው የተሰረቀበት ሰው እግሩ ረግጦት በማያውቀው ከተማ ባለዕዳ ሊሆን ይችላል። ጥንቃቄው የሚጠብቀው መንግሥትን ብቻ ሳይሆን ራሱን ባለንብረቱንም ነው።

ነገር ግን ጥንቃቄና መጓተት አንድ አይደሉም። ለመሆኑ መጓተቱ ወንጀልን ይቀንሳል? የሚታየው ተቃራኒው ነው። መኪናው አሥር ቀን መቆም የማይችልበት ሰው ቀለም ቀቢ ዘንድ ሄዶ ቁጥሩን ላሜራ ላይ በብሩሽ ያስጽፋል። ይህ ሰው ወንጀለኛ አልነበረም፤ እንጀራው ነው የገፋው። እንዲህ ያለ ታርጋ መንገድ ላይ ሲበዛ ትራፊኩም ዓይኑ ይለምደዋል፤ እውነተኛው ሌባም በመካከላቸው ተደባልቆ ያልፋል። የዘገየ ሕጋዊ ታርጋ የሐሰተኛ ታርጋ ገበያን ይፈለፍላል ማለት ነው። የሐሰቱን ገበያ ለመግደል የሚፈልግ የእውነተኛውን ታርጋ ጊዜ ማሳጠር አለበት።

ሌላው ስህተት የተለያየ አደጋ ያለባቸውን ጉዳዮች በአንድ ወረፋ ማሰለፍ ነው። ቀለሙ የለቀቀ ታርጋ ይዞ የመጣ ሰው አሮጌውን አስረክቦ አዲሱን ቢወስድ ምን አደጋ አለው? አንድም ታርጋ መንገድ ላይ አልቀረም። ከሁለቱ አንዱ የጠፋበት ሰው ጉዳይ ከዚህ ከበድ ይላል። ሁለቱም የተሰረቁበት ሰው ጉዳይ ደግሞ በእርግጥ ምርመራ ይፈልጋል። ሦስቱን አንድ ላይ ማንገላታት ራስ ምታት ያለበትንና የልብ ሕመምተኛውን በአንድ ወረፋ አስቀምጦ ሁለቱንም በእኩል ማዘግየት ነው።

ሌሎች አገሮች እንዴት አድርገውታል?

ጀርመን ውስጥ የመመዝገቢያው መሥሪያ ቤት ታርጋ አያትምም። ቁጥር ይሰጣል፣ ማኅተሙን ይለጥፋል። ላሜራውን የሚያትሙት በመሥሪያ ቤቱ አካባቢ የተኮለኮሉ የግል ሱቆች ናቸው። ባለመኪናው ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል፣ በደቂቃዎች አሳትሞ ይመለሳል፣ ማኅተሙ ይለጠፍለታል። ማኅተም የሌለው ታርጋ ዋጋ ስለሌለው የማተሙ ሥራ ለውድድር ቢለቀቅ የሚያስፈራ ነገር የለም። ታርጋ ሲሰረቅ ደግሞ ያው ቁጥር አይመለስም፤ አዲስ ቁጥር ይሰጣል፣ የቀድሞው ለአሥር ዓመት ይታገዳል። የተበላሸውን በቶሎ፣ የተሰረቀውን በጥብቅ ያስተናግዳሉ ማለት ነው።

በእንግሊዝ ደግሞ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታርጋ የሚሸጠው የተመዘገበ አቅራቢ ብቻ ነው። አቅራቢው የግል ነጋዴ ቢሆንም የገዢውን መታወቂያና የመኪናውን ሰነድ ሳያይ መሸጥ አይችልም፤ የሸጠበትንም መዝግቦ ይይዛል። ቁጥጥሩ ሳይላላ አገልግሎቱ በየሠፈሩ ተዳርሷል።

ጎረቤታችን ኬንያ ከዚህ የተለየ መንገድ ይዛ ኖራለች። ታርጋ የሚመረተው ካሚቲ በተባለው ትልቅ እስር ቤት ውስጥ ነበር። በአንድ ቦታ የሚመረት ነገር አንድ ቦታ ላይ ሲደናቀፍ አገሩ ሁሉ ይደናቀፋል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታርጋ እጥረት የመኪና አስመጪዎችን አስመርሮ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ የመለያ ገጽታዎች የተጨመሩበት አዲስ ታርጋ በ3,000 ሽልንግ ዋጋ ይፋ ሆነ። ከኬንያ የምንማረው ታርጋውን ማዘመን አንድ ሥራ፣ ታርጋውን በቶሎ ለሰው ማድረስ ሌላ ሥራ መሆኑን ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

ጉዳዩ በተለይ አሁን አንገብጋቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ የክልል መለያ ቀርቶ አገር አቀፍ በሆነ አዲስ ሰሌዳ የመተካት ነገር ከትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሲነገር ሰምተናል። ሐሳቡን እንደግፋለን፤ ፋይል ፍለጋ ከከተማ ከተማ መንከራተትን ሊያስቀር ይችላልና። ነገር ግን በአገሪቱ ያለው ተሽከርካሪ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። በቀን 2,000 መኪና ይስተናገዳል ብንል እንኳ አንድ ሚሊዮኑን ለመጨረስ 500 የሥራ ቀን፣ ማለትም ሁለት ዓመት ያህል ይጠይቃል። የጠፋና የተበላሸ ታርጋ ለማስተካት የሚመጣው ሰው በዚህ ጎርፍ ውስጥ ከተጨመረ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ከወዲሁ የሚከተለው ቢታሰብበት እንላለን።

በመጀመሪያ፣ ሦስቱ ጉዳዮች በሦስት መስኮት ይለዩ። የተበላሸ ታርጋ በዕለቱ፣ አንዱ የጠፋ በሦስት የሥራ ቀን፣ ሁለቱም የተሰረቀ ከምርመራ በኋላ በተወሰነ ቀን ያልቅ። ቀኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ቀኑ ካለፈ ክፍያው ለባለጉዳዩ ይመለስለት። ነጋዴ ዕቃ በቀኑ ካላስረከበ ይቀጣል፤ መሥሪያ ቤት ከዚህ የሚለይበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ፣ ታርጋው እስኪመጣ በየትኛውም ኬላና በየትኛውም ትራፊክ ዘንድ የሚያሠራ፣ ቀን የተገደበለት፣ ትክክለኛነቱ በስልክ ሊጣራ የሚችል ጊዜያዊ ማስረጃ ይሰጥ። አዲስ አበባ ላይ የሚያገለግል ወረቀት አዋሽ ላይ የማያገለግል ከሆነ ለጭነት መኪና ምንም አይፈይድለትም።

ሦስተኛ፣ ማተምና መመዝገብ ይለያዩ። ምዝገባው፣ ቁጥሩና ማኅተሙ በመንግሥት እጅ ይቅር። የማተሙ ሥራ ግን ዋስትና አስይዘው ፈቃድ ለሚያወጡ አውደ ጥናቶች በውድድር ይለቀቅ። እያንዳንዱ የታተመ ታርጋ በማን፣ መቼና ለየትኛው ሻንሲ እንደታተመ የሚናገር ምልክት ይኑረው። ያጠፋ አታሚ ዋስትናውን ይጣ፣ ሕግ ፊትም ይቅረብ። ይህ ለብረታ ብረት ሥራ ባለሙያዎቻችንም አንድ አዲስ የሥራ መስክ ይሆናል።

አራተኛ፣ ቁጥር ሲለወጥ ለውጡ በአንድ ጊዜ ለመድን ድርጅቱ፣ ለባንኩና ለጉምሩክ ይተላለፍ። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና መዝገብ ተቋቁሟል፤ የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። መዝገቦቹ ካሉ እርስ በርስ መነጋገር አለባቸው። ባለንብረቱ የመሥሪያ ቤቶች ተላላኪ መሆኑ ይብቃ።

አምስተኛ፣ ታርጋ ፈትቶ መውሰድ እንደ ቅጣት ከሁሉም ቦታ ጨርሶ ይቅር። ቅጣት በገንዘብ ይጻፍ፤ የማይከፍል ሰው ቦሎ ሲያድስ ይያዝ። መለያውን ከመኪናው ላይ ማንሳት የቁጥጥሩን መሣሪያ ራሱን መፍታት ነው።

ለባለንብረቶችም አንድ ቃል

ሁሉን ነገር ከመንግሥት መጠበቅ ደግሞ የነጋዴ ጠባይ አይደለም። ታርጋችሁን በሁለት ብሎን ብቻ ሳይሆን ከኋላው ደጋፊ ላሜራ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ክረምት ከመግባቱ በፊት አስፈትሹት። የሊብሬያችሁን ኮፒ ከመኪናው ውጭ አስቀምጡ። ታርጋ ሲጠፋ «ዛሬ ልሥራና ነገ አመለክታለሁ» አትበሉ፤ ያቺ አንድ ቀን ታርጋችሁ በሌላ መኪና ላይ ወንጀል የምትሠራባት ቀን ልትሆን ትችላለች። ያመለከታችሁበት ቀንና ሰዓት የተጻፈበትን ወረቀት እንደ ገንዘብ ያዙት። የባለንብረቶች ማኅበራትም ለአባሎቻቸው የጠፋባቸውን ቀን፣ ያመለከቱበትን ቀንና ታርጋ የተረከቡበትን ቀን እየመዘገቡ በየዓመቱ ቢያቀርቡ አቤቱታው ሮሮ መሆኑ ቀርቶ ማስረጃ ይሆናል። ባለሥልጣን ከለቅሶ ይልቅ ከቁጥር ጋር መከራከር ይከብደዋል።

አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከፍላ ያስገባችው የጭነት መኪና ሥራ እያለው፣ ሾፌር እያለው፣ ነዳጅ እያለው፣ አንድ ቁራጭ ላሜራ ስለሌለው ብቻ ግቢ ውስጥ ቆሞ ዝናብ ሊመታው አይገባም። ታርጋ ሕግን የምናስከብርበት ምልክት ነው። ሕግን አክብሮ ለመሥራት የሚፈልገውን ሰው ከሥራ የሚያግደው ከሆነ ግን መጠገን ያለበት አሠራሩ ነው። ነጋዴው ነፃ ታርጋ ስጡኝ አላለም፤ ዋጋውን ይከፍላል። የጠየቀው ቀኑን እንዲነግሩትና በተነገረው ቀን እንዲሰጡት ብቻ ነው።